ከሻምበል ክኒን የተረፈው

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከበድ ስለሚል በሁለት እጅሽ ተቀበይው። እኔ ደህና ነኝ፤ መልኬ ብቻ በየቀኑ እያማረ መንገድ ላይ መሄድ አስቸግሮኛል። እማዬም ደህና ናት። እዚሁ አጠገቤ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ "ምርቃቴን ከላይ ጻፈው፤ ከታች ይሆንና ወረቀት አለቀብኝ ትለኛለህ" ብላለች። እነሆ ቃሏ፦ የሰው ፊት አይክበድሽ፣ ድካምሽ መና አይቅር፣ የዋልሽበት ቤት እንደ ልጅ ይይሽ። በቃ፣ የጸሐፊነት ድርሻዬን ተወጣሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሻምበል ታመዋል። አዎ፣ ትተሽብን የሄድሽው ድመት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በአንቱታ ነው የማናግራቸው። በዚህ ቤት ሥራ ሳይሠራ የሚበላው እኔና እሳቸው ብቻ ስለሆንን ቢያንስ አንዳችን መከበር አለብን።

መጀመሪያ ማስመለስ ጀመሩ። ቢጫ ውኃ፣ ቀጥሎ የበሉትን እንዳለ። ቦታ መምረጥ ደግሞ ያውቁበታል፤ ወለሉን ትተው፣ ምንጣፉን ትተው፣ እማዬ ለባንክ ቤቷ ሴትዮ የሰፋችው የሐር ቀሚስ ላይ። እማዬ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አስረከበች። ሴትዮዋ "ይሄ ምን የሚሉት ሽቶ ነው?" ብላ ጠየቀች ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አልጠየቀችም።

ከዚያ ሰውነታቸው አለቀ። ጀርባቸውን ስዳብስ አጥንት መቁጠር ሆነ። ጎረቤት "አርጅቷል፣ ተዉት" አለ። እማዬ ግን በጨርቅ ጠቅልላ አሸከመችኝና እንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ሆዳቸውን ጫን ጫን አደረገ፣ ድዳቸውን ገልጦ አየ፣ ደም ቀዳ፣ ውጤቱን ጠብቀን ተመለስን። ያለውን አንድም ሳይቀር ይዤዋለሁ። አስተማሪዎቼን እንዲህ ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ ስምንተኛ ክፍል መኖሪያ ቤቴ አይሆንም ነበር።

"የጨጓራ ባክቴሪያ ይመስለኛል" አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ነው አሉ። ብዙ ድመት ሆዱ ውስጥ ይዞት ምንም ሳይሆን ይኖራል፤ አንዳንዱን ግን ያስመልሰዋል፣ ያከሳዋል። "እርግጠኛ ለመሆን ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮው አስገብቶ ከጨጓራው ትንሽ ቆርሶ ማየት ነበር። እሱ እኔ ጋ የለም። መድኃኒቱን እንሞክርለት።"

ከዚያ ወደ እማዬ ዞረና "ምን ትመግቡታላችሁ?" አላት።

እማዬ አንገቷን ደፋች። እንደምታውቂው ሻምበል ጥርስ የሚባል አልቀረላቸውም፤ ሥጋውን እማዬ አኝካ ከአፏ አውጥታ ነው የምትሰጣቸው።

"እሱን ይተዉት እናቴ" አላት። "ከድመት ወደ ሰው አልፎ አልፎ ሊተላለፍ ይችላል የሚሉ አሉ። በቢላዋ ድቅቅ አድርገው ይክተፉለት።"

"እሺ" አለች። ተወችው ብለሽ እንዳትደሰቺ። አሁን በሩን ዘግታ ነው የምታኝከው።

ጫማ ላኪልኝ። እግሬ ማደጉን አቁሟል፤ ከዚህ በላይ አትጠብቂ።

ጮሌው ወንድምሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለጮሌው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለእማዬ ደግሞ ካንተ በላይ ይሁንላት። ሹፌሩ ለእመቤቲቱ ዕቃ ሲያራግፍ ደብዳቤህን ከሳሙና ካርቶን ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። የእናታችን የአክስት ልጅ ሆኖ በዚህ መስመር መኪና ባይነዳ ኖሮ መኖራችሁንም አላውቅም ነበር። ስልኬን እመቤቲቱ እንደቆለፈችበት ነው፤ ፓስፖርቴም እዚያው መሳቢያ ውስጥ አብሮት ተኝቷል። ውልሽ ሲያልቅ ትወስጃቸዋለሽ ትላለች።

እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ እተኩሳለሁ። የልጆቹን ሸሚዝ ስዘረጋ ስፌቱን እያየሁ እማዬ ይሄን ብታየው እላለሁ። እንዳንተ ጽሑፍ የተንጋደደ ነው።

የድመቱን መድኃኒት አንድ ቀን እንዳታዘልሉት። ተሻለው ብላችሁ በመሃል አታቋርጡ። ሥጋውን አንተ ክተፍ፤ እጅህ ለዚህ ካልሆነ ለሌላ ለምንም አልሆነም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ስለ ድመቱ ማስመለስ ያን ሁሉ ጻፍክ። ስለ እማዬ የጻፍከው "ደህና ናት" የምትል ነች። እኔ ስነሳ ከጡቷ ሥር ያቃጥለኛል ትል ነበር። አሁንስ? ትበላለች? ቀበቶዋ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው? ይህችን ሳትቀልድ መልስልኝ።

ጫማውን ልኬያለሁ። ሌቦቹ ሰፈር ስትሄድ እንዳታደርገው፤ ባለቤቱን ከጫማው ለይተው ጫማውን ያስቀሩታል።

እህትህ


ኅዳር 28 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣ ለተኳሿ፣

ሰላምታዬ በአዲስ ጫማ ተጫምቶ መጥቷል። ጫማው ልክ ነው፤ ሰፈሩ ብቻ ነው የጠበበኝ። የእማዬ ምርቃት ዛሬ አጭር ናት፣ ትዕዛዝ በዝቶባታል፦ እግዚአብሔር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ደግሞ ካልሲ ልበሺ። ካልሲው ከምርቃቱ ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም።

ሳትቀልድ ብለሻል። ሳልቀልድ ስጽፍ እጄን ይደነዝዘኛል፤ እስቲ ልሞክር። እማዬ ትበላለች። በቃ፣ ደነዘዘኝ።

ሐኪሙ ለሻምበል ሦስት ዓይነት መድኃኒት ነው የሰጣቸው። ሁለቱ ጀርም የሚገድሉ፣ በመርፌ ቀፎ ከጉንጫቸው በኩል የሚጨመቁ። ያን ጊዜ የሚሰድቡኝን ስድብ ድመት ቋንቋ ባለማወቄ ተርፌያለሁ። ሦስተኛው የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ነጭ ክኒን ነው። ሩቡ ብቻ ነው የሚበቃቸው። ሐኪሙ፣ "አንዴ ከተቆረጠ እርጥበት ይገባዋል፤ የቀረውን ጣሉት፣ በየቀኑ አዲስ ቁረጡ" አለ።

ይህን ለማን ነው የሚናገረው? ከቀሚስ ቅዳጅ ትራስ፣ ከትራሱ ቅዳጅ የድስት መያዣ፣ ከመያዣው ቅዳጅ የእኔን ኪስ የምትሰፋ ሴት "ጣይ" ተብላ ትጥላለች? በዚያች የክር መቀሷ ቀጭ ታደርገዋለች፤ ሩቧ ለሻምበል ትገባለች፣ ሦስት እጁ በምትሐት ይሰወራል። "የት ደረሰ?" ብዬ ብጠይቃት በሜትሯ ገረፈችኝ።

ሻምበል ድነዋል። ማስመለሱ ቆመ፣ ሆዳቸው ተንዘረጠጠ፣ የጎረቤት ድመት ሚስት ላይ ዓይናቸውን መጣል ጀምረዋል። የሚገርመው ግን እማዬም አብራ ዳነች። ማታ ማታ ትራስ ሆዷ ላይ አጥብቃ ትቀመጥ ነበር፣ አልነገርኩሽም መሰለኝ። ያ ቀረ። "ሻምበል ሲድንልኝ እኔም ቀለል አለኝ" ትላለች። በእኔ መዳን እንዲህ የተደሰተችበትን ቀን አላስታውስም።

መድኃኒቱ ሲያልቅ፣ "ሂድና ክኒኑን ብቻ ጨምርበት፤ ድንገት ቢመለስበትስ" አለችኝ። አሁን ሙያዬ መጣ። ሻምበልን ፂማቸውን በውኃ አርሼ፣ አንገታቸውን አስደፍቼ፣ የሐዘን ፊት አስለብሼ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸውና፣

"ይሄ ድመት እኮ ወፍሯል" አለ።

"እብጠት ነው ዶክተር" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ስቆ ጥቂት ጨመረልኝ፣ "ከአሁን በኋላ ካስመለሰው ግን እንደገና መመርመር አለበት" ብሎ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰፈር ያለ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አገኘሁ። እዚያ ሻምበል ተራ ወታደር ናቸው፣ እኔም አጎታቸው ነኝ። ቴአትሩ እስካሁን አልተነቃብንም።

ጃኬት ብትልኪ እምቢ አልልም።

ጮሌው


ታኅሣሥ 20 ቀን

ጮሌ፣

ሰላም ነው የምመኝልህ። ግን የምጠይቅህ ስላለ ሰላምታውን አላስረዝምም።

ደብዳቤህን ወጥ ቤት ቆሜ አንብቤ ሳቅኩ። ሸሚዝ ለመተኮስ ጎንበስ እንዳልኩ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እማዬ ክር አትጥልም። ክኒኑን ትጥላለች? ድመቱ ድኗል ትላለህ፣ እንዲያውም ወፍሯል። ታዲያ ከሁለት ቤት እያታለልክ የምታመጣውን ማን ነው የሚውጠው?

የእመቤቲቱን ሽማግሌ አባት የምታስታምም ነርስ አለች። ጠየቅኳት። "ማቃጠሉን ያበርደዋል፤ ያቃጠለውን ነገር ግን ላያድነው ይችላል። በዚያ ዕድሜ፣ ያን ያህል ቆይቶባት ከሆነ ውስጧ መታየት አለበት፤ የሰው ሐኪም ጋ ትሂድ" አለችኝ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ውሰዳት። አልሄድም ብትል ድመቱን እንደጠቀለላችሁት ጠቅልለህ ውሰዳት። ጃኬት ልኬያለሁ። ለሐኪም ቤቱ የሚሆነውን ደግሞ ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ ካንተ ይልቅ እሱን ስለማምነው ራሱ አብሯችሁ እንዲሄድ ለምነው።

እህትህ


ጥር 11 ቀን

ለተከበርሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ሐኪም ቤት ሄዳ ተመርምራ ምንም የለብሽም ተብላለች። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ሥራዋንም ትሠራለች። ስለ እኛ አሳብ አይግባሽ። ያለሽበትን ሥራ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ውልሽን በሰላም ጨርሺ። እናታችን ምርቃቷን ትልክልሻለች።

ወንድምሽ


የካቲት 4 ቀን

አንተ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ ማን ነው የጻፈው? እጁ ያንተ ነው፣ ቃሉ ግን ያንተ አይደለም። "ለተከበርሽ" ትለኛለህ? ተወልደህ አክብረኸኝ አታውቅም። ከላይ እስከ ታች አንድ ስድብ የለበትም። ሻምበል የለም፤ "ላኪልኝ" የሚል የለም። ስለ ጃኬቱ እንኳን ቀለሙ አስጠላኝ አላልክም። እማዬ አጠገብህ ተቀምጣ ቃል በቃል አስጽፋሃለች።

ሹፌሩንም ጠየቅኩት። ሐኪም ቤት አብሮ እንዳልሄደ ነገረኝ። "እናትሽ ሌላ ቀን አለችኝ" ብሎ ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ።

ሩቅ ስላለሁ እንደ ሕፃን በከረሜላ የምደለል አትምሰላችሁ። እዚህ ሌሊቱን ሁሉ የማላውቀውን ነገር ስፈጥር ነው የማድረው፤ እውነቱ እኔ ከምፈጥረው አይብስም። ከቤት ወጣ በልና ብቻህን ሆነህ ጻፍልኝ። ስደበኝ፣ ግን እውነቱን ጻፍልኝ።

እታለም


የካቲት 24 ቀን

እታለም፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከቤት ወጣ በል ብለሻል፤ ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እማዬ ውስጥ ተኝታለች።

አውቀሽብናል። የታኅሣሡን ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብላት መቀሷን አስቀመጠችና፣ "አዎ፣ ሦስት እጁን እኔ ነኝ የምውጠው። ምን ይሁን? ይጣል?" አለችኝ። እኔ ሞኙ ሳቅኩ። ድመቷ አንቺ ነሽ እንዴ ታዲያ፣ ማዕረግሽ ምንድን ነው አልኳት። እሷም ሳቀች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። "ከነገርካት ጥላ ትመጣለች። ውሏን ሳትጨርስ ብትነሳ ወረቀቷን ይዘው ያንገላቷታል። የምልህን ጻፍ" አለች። ጻፍኩ። ክኒኑን አላቆመችም ነበር። ወደ በኋላ ሩብ እየቆረጠች ማስመሰሉንም ትታ ሙሉውን መዋጥ ጀመረች። እኔ ነኝ የማመጣላት። ሐኪሙ ሲጨክንብኝ ከሌላው፣ ሌላው ሲጨክንብኝ ከሐኪሙ። አኩርቶኝ የጻፍኩልሽ ቴአትር እሱ ነበር።

ባለፈው ሰኞ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ነበር። መኪናው ድንገት ቆመ። ዞር ስል ፊቷን ከቀሚሱ አዙራ ወለሉ ላይ አስመለሰች። ጥቁር ነው፣ እንደ ሻይ ቅጠል አተላ። "ጨርቁ ላይ ነካ?" ብላ ጠየቀችኝና ተዝለፈለፈች።

እዚህ ስንደርስ ሐኪሙ፣ "መድኃኒት ትወስዳለች?" አለኝ።

"አዎ፣ የድመት።"

"ልጄ፣ የቀልድ ሰዓት አይደለም።"

"አልቀለድኩም" ብዬ የክኒኑን ዕቃ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የሻምበል ስም ተጽፎበታል። አገላብጦ አየው፣ እኔን አየኝ፣ አሁንም ዕቃውን አየው። በሕይወቴ ቀልደሃል ተብዬ ቀልጄ ያልነበርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሽንት ቤት የሚያህል ክፍል ውስጥ አስገብተው በጉሮሮዋ ቱቦ አወረዱ። ጨጓራዋ ታችኛው ጫፍ ላይ ቁስል አለ፣ ቁስሉ ደግሞ ቁስል ብቻ አይደለም። ቀደዷት። ብዙ ይቆያሉ ስል ቶሎ ወጡ። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ "ጉበቷ ላይ ደርሷል። ሳንነካው መልሰን ዘጋነው" አለኝ። ክኒኑ ነው ወይ አልኩት። "ክኒኑ አላመጣውም፤ ከክኒኑ በፊት የነበረ ነው። ሲጮህ ዝም አሰኘው እንጂ። ያኔውኑ መጥታ ቢሆን..." አለና ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ጥሎት ሄደ።

ባክቴሪያም አግኝተውባታል። ከሻምበል ይሁን፣ ከልጅነቷ አብሯት የኖረ ይሁን፣ እንደ ሻምበል ዓይነቱ ይሁን ሌላ፣ ጠይቄ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ጎረቤቶች ግን አውቀውታል፤ ድመቱን አውጥተህ ጣለው ይሉኛል።

ለእሷ ቁስል ነው ብለናታል። እንደማትነግሪያት አውቃለሁ። እንደጻፍኩልሽ ግን አታውቅም።

ምንም ላኪ አልልሽም። ነይ።

ወንድምሽ


መጋቢት 12 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላም ለሁለታችሁ።

አንተን ለመቆጣት ጊዜ አለኝ፤ ስመጣ እቆጣሃለሁ። ለአሁኑ ሾርባ መሥራት ተማር፣ ቀጭን ይሁን፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግህ ስጣት። ድመቱን አታውጣው። እሷ ስትጠራው ቢጠፋ ምን ትላታለህ?

ለእመቤቲቱ ነገርኳት። "አስብበታለሁ" አለች። ስታስብ ሰነበተች። መሳቢያውን አልከፈተችም። እኔም ካውያውን ነቅዬ አስቀመጥኩት። ልብሱ እስከ ደረቴ ተከምሯል፣ ባሏ የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ ሥራ ይሄዳል፣ እኔ ክምሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ትጮሃለች፣ እሰማታለሁ። ፓስፖርቴን እስክትሰጠኝ አንድ እጅጌ አልተኩስም። ሽማግሌው አባቷ ትናንት "ልጅቱን ስጫት" ሲሏት ሰምቻለሁ። ሹፌሩ ተመልሶ ሲመጣ ወይ አብሬው እነሳለሁ፣ ወይ ቀድሜው በሌላ መኪና እወጣለሁ።

ይህችን ለእማዬ አንብብላት፦

እማዬ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ልጁን እንዳትቆጪው፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኩት። ውሌን ሳልጨርስ ስለመጣሁ እኔን ተቆጪኝ። ግን ጠብቂኝ። ተቀምጠሽም ይሁን ተኝተሽ፣ ጠብቂኝ።

እታለም


ሚያዝያ 3 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። "ተቆጪኝ ግን ጠብቂኝ" የምትለው ላይ ስደርስ እጄን ይዛ "ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። "እሺ በላት" አለች። ከዚያ ወዲህ ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ጭንቅላቷን ቀና ታደርግ ነበር። ወጥቼ አይቼ ብቻዬን ስመለስ መልሳ ታስተኛዋለች። እኔም ወደ ኋላ ላይ መውጣቱን ተውኩት፤ መስኮቱ ጋ ቆሜ "የጎረቤት ናት" እላታለሁ።

ሾርባው ይጥማት አይጥማት አላውቅም፤ ማንኪያዋን ግን አንድ ቀን አልመለሰችብኝም። ስቀልድላት ትስቅ ነበር፣ ስትስቅ ስፌቱ ያማታል፣ ስለዚህ መቀለድ አቆምኩ። "ምነው ዝም አልክ?" አለችኝ። ማንኪያውን አቀረብኩላት።

ትናንት ጠዋት ሾርባውን ላሞቅ ገባሁ። ስመለስ ዐርፋ ነበር። ድመቱ እግሯ ሥር ተኝቷል። የጎረቤት ሴቶች መጥተው ሊያባርሩት ሲሉ አትንኩት አልኳቸው። ዛሬ ቀበርናት። የሙሽራዋን ቀሚስ ሌላ ልብስ ሰፊ ጨረሰው፤ የእማዬ ስፌት የት ላይ እንዳበቃ ከሩቁ ይታያል።

ሹፌሩ በር ላይ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፣ ወደ እናንተ ነው የሚሄደው። አስምዬዋለሁ። መንገድ ላይ፣ ወይም ድንበሩ ላይ ስትመጪ ካገኘሽ ይህን ወረቀት አይሰጥሽም። አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ አሳፍሮሽ ተመልሶ ይመጣል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በአፌ እነግርሻለሁ፣ አንቺም ያልሽኝን ቁጣ ትቆጪኛለሽ። እዚያው ቤት ካገኘሽ ግን ይሰጥሻል። ያኔ መሳቢያው አልተከፈተም ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ እንዳይደርስሽ እየለመንኩ ነው የማሽገው።

ወንድምሽ